ድምፁ የተስተካከለለት ወንበር

ባለቤቴ ፊልሙ ሳያልቅ ተነሥታ ስትሄድ ሦስተኛው ቅዳሜ ነበር። በመጀመሪያው ወጥ ጥጃለሁ ብላ ወጣች፤ በሁለተኛው ራሴን አመመኝ አለች፤ በሦስተኛው ግን ምክንያት መስጠቱንም ተወችው፤ ነጠላዋን ከወንበሯ መደገፊያ ላይ አንሥታ ዝም ብላ ወጣች። ፊልሙን አቁሜ ተከተልኳት። ጓዳ ውስጥ ትንሿን ሬዲዮ ከጆሮዋ አጠገብ አስቀምጣ ምስር ስትለቅም አገኘኋት።

«ምነው?» አልኳት።

«ምንም። አንተ እይ።»

«ብቻዬን ምን አያለሁ?»

«እኔ ተቀምጬም እኮ ብቻህን ነበር የምታየው» አለች፤ ቀና ሳትል። «ሰዎቹ አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ይዘጋሉ። አንተ ስትስቅ አይቼ እስቃለሁ። ደከመኝ።»

ይህ ነገር ለሌላ ሰው ትንሽ ሊመስል ይችላል። ለእኔ ትንሽ አልነበረም። ከተጋባን ጀምሮ ቅዳሜ ከቀኑ በዐሥር ሰዓት አብረን አንድ ፊልም እናያለን። አዳማ በሰው አፍ ሁሉ ናዝሬት በነበረችበት ዘመን ሲኒማ ቤት የእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጠን አየን፤ ቀጥሎ ካሴት እየተከራየን አየን፤ ልጃችን በተወለደች ሳምንት እንኳ ሕፃኗን ጭናችን ላይ አድርገን አይተናል። እኔ በሥራ ዘመኔ ሁሉ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር፣ እርሷ አዋላጅ ነርስ ነበርን። በሳምንት ውስጥ የምንነጋገረው ስለ ውኃ መምጣትና ስለ መድኃኒት ሰዓት ብቻ በሚሆንበት በዚህ ዕድሜ፣ እርስ በርስ አዲስ ነገር የምንባባለው ቅዳሜ ከፊልሙ በኋላ ነበር፤ ልጁ ለምን ዋሸ፣ እናቲቱ ማወቅ ነበረባት ወይስ አልነበረባትም እያልን እስከ እራት እንከራከራለን። ያ ክርክር ከቤቴ ሊወጣ መሆኑን ጓዳው በር ላይ ቆሜ ተረዳሁ። አስቀረዋለሁ ብዬም ቆረጥሁ።

ጥፋቱ የጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት ሳሎኑን ስናድስ ነው። የአዳማን ሙቀት ለመሸሽ ስንል ወለሉን የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ፣ ጣሪያውን ጂፕሰም፣ የመንገዱን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር መስታወት አደረግነው። ቢሾፍቱ በአበባ እርሻ ውስጥ የመስኖ መሐንዲስ የሆነችው ልጃችን ደግሞ ትልቅ ስክሪን፣ አምስት ስፒከሮች፣ አንድ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ የባስ ሳጥንና ሁሉንም የሚያንቀሳቅስ አምፕሊፋየር ገዝታ በስጦታ አመጣችልን። የቀድሞው ትንሽ ቴሌቪዥን ወደ ጓዳ ሄደ፤ ከእርሱም ጋር ንግግር የሚባል ነገር ከሳሎናችን ተሰደደ። ፈረስ ሲጋልብ ደረታችን ይመታል፤ ዝናብ ሲዘንብ ጣሪያችንን ቀና ብለን እናያለን፤ ሰው ሲናገር ግን ቃሉ ከመስታወት ወደ ሴራሚክ እየተላጋ ጎድጓዳ ጋን ውስጥ እንደሚናገር ሰው ይሆናል። የምናየው አብዛኛውን ጊዜ የአገራችንን ፊልም ስለሆነ ከሥር የሚነበብ ጽሑፍም የለውም።

ባለቤቴን ወደ ጆሮ ሐኪም ወሰድኳት። ሐኪሙ ቀጫጭን ድምፆችን መስማቷ ጥቂት መቀነሱን፣ ለዕድሜዋ ግን ደህና እንደሆነች ነገረን። እርሷ ከክሊኒኩ ደረጃ ስትወርድ ተቆጥታ ነበር።

«በዚህ ጆሮ ገና ያልተወለደ ልጅ የልብ ምት ሰምቼ፣ ይኼኛው ይደርሳል፣ ያኛው ይቸኮልለት ስል ኖሬአለሁ» አለችኝ። «የሚጮኸው ቤትህ ነው። ጆሮዬን ተውልኝ።»

እውነቷን እንደሆነ ያን ጊዜ ልቀበል ይገባ ነበር። እኔ ግን በመሣሪያ የማምን ሰው ነኝ። ለልጃችን ስልክ ደወልሁ፤ እርሷም ቢሾፍቱ የሚኖር አንድ ባለሙያ ላከችልን። ሰውየው በአየር ኃይል የሬዲዮ ቴክኒሺያን የነበረ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላ ለአዳራሾችና ለቤተ ክርስቲያኖች የድምፅ መሣሪያ የሚተክል ነው። በር ላይ «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ ሰጠን፤ ጫማውን አውልቆ ገባ፤ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ጥቁር ሳጥን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ይሄ የክፍሉን ድምፅ የሚያስተካክል ነው» አለኝ። «ማይክሮፎን እናቆማለን፤ ስፒከሮቹ በየተራ ያፏጫሉ፤ ሳጥኑ ክፍሉ የቱን ድምፅ እንደሚያሳብጥ፣ የቱን እንደሚውጥ ያዳምጣል። ከዚያ ያበጠውን ይቀንሳል፤ የጎደለውን በመጠኑ ይሞላል፤ ከሩቅም ከቅርብም ስፒከር የሚመጣው ድምፅ እኩል እንዲደርስ ያደርጋል።»

«አምፕሊፋየሩ ውስጥስ እንዲህ ያለ ነገር የለም?»

«አለ። እሱ ግን የልጆች ነው። ይሄ የአዋቂ ነው።»

የሳጥኑ ዋጋ ልጃችን ለአምስቱም ስፒከሮች ከከፈለችው አይተናነስም ነበር። ልጃችን እገዛዋለሁ ብላለች፤ እኔ ግን ሳልፈትን አንድ ሳንቲም እንዳትከፍል ከለከልኳት። ሰውየውም ቅን ነበር፤ ሳጥኑን ለአንድ ወር ሊተውልኝ ተስማማ። በዚያ አንድ ወር ውስጥ ሚስቴን ወደ ሳሎን እመልሳለሁ፤ ሳጥኑም ዋጋው የሚገባው መሆን አለመሆኑን አረጋግጣለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።

አሁን የምጽፈው ስሕተት በእኛ ቤት ዓይነት ቤት ውስጥ ብቻ የሚሠራ ይመስለኛል። ባለቤቴ እንግዳ ይመጣል በመባሉ ከሁለት ቀን በፊት ጀምራ መጋረጃውን አውርዳ አጥባ ነበር፤ ገና አልተሰቀለም፤ ምንጣፉ እንደ ወትሮው ለበዓል በላስቲክ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ ነው። ሶፋዎቹ እንደ ወጉ ግድግዳ ግድግዳውን ተከትለው ተደርድረዋል፤ መካከሉ ባዶ ሜዳ ነው። ሰውየው ማይክሮፎኑን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አድርጎ ሳሎኑ መካከል ቆመና፣

«ዋናው መቀመጫ የትኛው ነው?» ሲል ጠየቀ።

እኔና ባለቤቴ ሳንተያይ፣ በአንድ ጊዜ፣ እጃችንን ወደ አንድ ቦታ ዘረጋን፤ ስክሪኑን ፊት ለፊት ወደሚያየው ትልቅ ሶፋ። የእንግዳ መቀመጫ ነው። እኔ ከእርሱ ቀጥሎ ባለው ነጠላ ሶፋ እቀመጣለሁ። ባለቤቴ በጓዳው በር አጠገብ ባለችው የእንጨት ወንበር ትቀመጣለች። ሰውየው ማይክሮፎኑን ትልቁ ሶፋ ላይ አቆመው።

መስኮቶቹን ዘጋን፤ ቬንትሌተሩን አጠፋን፤ ሦስታችንም በላብ ተጠምቀን በዝምታ ቆምን። ከታች እንደ ከበሮ ጎርንኖ የሚጀምር፣ እየቀጠነም እንደ ፉጨት ወደ ላይ የሚወጣ ድምፅ ከየስፒከሩ ወጣ። በሁለተኛው ዙር ላይ ስልኬ ጮኸና ሥራው ተበላሸ። የደወሉት ከኛ አጥር ማዶ የሚኖሩት፣ ከወሎ መጥተው በአዳማ የምንጣፍና የመጋረጃ ንግድ ያቆሙት ጎረቤታችን ሐጂ ነበሩ።

«መምህር፣ አምቡላንስ ግቢያችሁ ገብቷል እንዴ?» አሉኝ።

«የለም ሐጂ። ሳሎኑን እያስመረመርን ነው።»

«እኔ ደግሞ አንዳችሁ የታመማችሁ መስሎኝ ጫማ እያደረግሁ ነበር። ሳሎን ይታመማል እንዴ?»

ሰውየው ሥራውን ሲጨርስ በላፕቶፑ ላይ ከማስተካከሉ በፊትና በኋላ ያለውን ድምፅ የሚያሳዩ ሁለት መስመሮች አሳየኝ። የመጀመሪያው እንደ አርሲ ተራሮች የሚወጣና የሚወርድ ነበር፤ ሁለተኛው እንደ ዝዋይ ሐይቅ ውኃ የተኛ። በሕይወቴ ብዙ መስመር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስዬአለሁና፣ ያን የተኛ መስመር ሳየው ነገሩ አለቀ ብዬ አመንሁ። ትልቁ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ሰማሁት፤ ቃሉ ሁሉ ጥርት ብሎ ይመጣ ነበር።

በቀጣዩ ቅዳሜ ባለቤቴ እስከ መጨረሻው ተቀመጠች። ሲያልቅ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ጥሩ ነው» አለች፤ ምጥ ላይ ላለች ሴት «ደርሰሻል» በምትልበት ድምፅ። ልጁ ለምን እንደዋሸ ስጠይቃት «ልጆች ይዋሻሉ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ከመካከሉ ተነሣች። እኔም ለባለሙያው ደውዬ ሳጥንህ አይሠራም አልሁት።

«ጋሼ፣ ቁጥሩ ልክ ነው። እርስዎ ራስዎ ሰምተውታል።»

«ሰምቼዋለሁ። ባለቤቴ ግን አልሰማችውም።»

«ታዲያ እትዬን ጆሮአቸውን ቢያሳዩአቸው?»

ይሳቀቅ አይሳቀቅ ሳልል ስልኩን ዘጋሁበት።

ሦስተኛው ቅዳሜ የመጣው ባለቤቴ ወደ ደራ ከተማ ለቅሶ ልትደርስ በሄደችበት ጊዜ ነው። ብቻዬን ማየት አልፈለግሁም፤ ሐጂን ጠራኋቸው። በዐሥር ሰዓት መጡ፤ እንደ ወጉ ትልቁ ሶፋ ላይ አስቀመጥኳቸው። ሻይ የማቀርበው እኔ ነኝና፣ ወደ ጓዳ ለመመላለስ እንዲቀናኝ በሩ አጠገብ ባለችው በባለቤቴ ወንበር ተቀመጥሁ። ፊልሙ ጀመረ። አንድ ሽማግሌ ለልጁ አንድ ከባድ ነገር ይነግረዋል። ሽማግሌው ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አያለሁ፤ የሚደርሰኝ ግን ከጀርባዬ ካለው ባዶ ግድግዳ ተመልሶ የሚመጣ ጉርምርምታ ነው። ሁለት ጊዜ ወደ ፊት ጎንበስ ብዬ አዳመጥሁ። ቃሉን አላገኘሁትም።

«አቤት እንዴት ያለ ጥራት ነው» አሉ ሐጂ ከትልቁ ሶፋ ላይ። «አጠገቤ ሆኖ የሚናገር ነው የሚመስለው።»

«ምን አለ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ማን?»

«ሽማግሌው።»

ሐጂ ዞረው አዩኝ። «መምህር፣ አልሰሙም? 'ቤቱን የሸጥኩት እኔ ነኝ' አለ እኮ። ፊልሙ በሙሉ እሱ ነው።»

የሻይ ትሪውን ጉልበቴ ላይ እንዳደረግሁ የተቀመጥሁባትን ወንበር ቁልቁል አየሁ። በዚያ ሳሎን ውስጥ፣ ከመታደሱም በፊት ሆነ በኋላ፣ በዚያች ወንበር ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ክፍሉን በሙሉ በቁጥር አስለክቻለሁ፤ የስፒከሮቹን ርቀት በሜትር ለክቼ በወረቀት ጽፌአለሁ፤ ያቺን አንዲት ወንበር ግን ማንም አልለካትም። ብዙ የተመሰገነው መሣሪያ ድምፁን አጥርቶ ያስተካከለው ለእንግዳ ነው፤ እንግዳው ደግሞ በወር አንድ ቀን ይመጣል። ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪን «ጥያቄውን ሳታነብ አትመልስ» ስል ኖሬ፣ እኔው ጥያቄውን ሳላነብ መልስ ተከራይቼ ነበር።

ባለቤቴ ከደራ ስትመለስ ያየሁትን ነገርኳትና ከእንግዲህ ትልቁ ሶፋ ላይ እንድትቀመጥ ጠየቅኳት።

«እዚያ ተቀምጬ ምን ልሠራ?»

«ልትሰሚ።»

«ከዚያ ሆኜ የግቢው በር ሲንኳኳ አልሰማ፣ የጣድኩት ሲገነፍል አላይ። ሰው ድንገት ቢመጣ ደግሞ ከእንግዳ ቦታ ስነሣ ሊያገኘኝ ነው። ይልቅ ጆሮዬ ያው ነው ብለህ ተወው።»

«አልተወውም።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?»

«ሶፋው ወደ አንቺ ካልመጣ፣ ድምፁ ይመጣል» አልኳት።

ሥራውን በማግስቱ ጀመርሁ። በመጀመሪያ ሳጥኑን ከመሥመሩ ነቀልሁት፤ ምክንያቱም ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ የሚለውጥ ሰው የትኛው እንደረዳው አያውቅም። ከዚያ ምንጣፉን ከነላስቲኩ ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረድሁት። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

«የገና ምንጣፍ ነው እኮ።»

«ገናን በየቅዳሜው እናከብራለን።»

«አቧራውን የምትጠርገው አንተ ነህ ማለት ነው» አለች፤ ዞራ ሄደች፤ አልከለከለችኝም ግን።

ምንጣፉ ሲዘረጋ ብቻ፣ ሳሎኑ መካከል ቆሜ ሳጨበጭብ ይመለስ የነበረው ጩኸት በግማሽ ያህል ሲሞት ሰማሁ። ሐጂ ዘንድ ሄጄ ሱቃቸው ውስጥ ካለው ሁሉ ወፍራሙን የመጋረጃ ጨርቅ አስቆረጥሁ።

«መምህር፣ ይሄ ለብርድ አገር ነው» አሉኝ። «አዳማ ላይ ይሄን የሚሰቅል እርስዎ ብቻ ነዎት። ባለቤትዎን በሙቀት ሊጨርሷቸው ነው?»

«ቅዳሜ ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው የሚዘረጋው። ሌላ ጊዜ ይሰበሰባል።»

«ለሁለት ሰዓት ብለው ይሄን ሁሉ?»

«ለሁለት ሰዓት ብዬ።»

ከወንበሯ ጀርባ ያለውን ባዶ ግድግዳ ከመኝታ ቤት ባመጣሁት የመጻሕፍት መደርደሪያ ሸፈንሁት፤ መጽሐፎቹ ወጣ ገባ ሆነው መቆማቸው ድምፁን ይበታትነዋል። ንግግር የሚወጣበት የመሐል ስፒከር ከስክሪኑ ሥር በመስታወት በር በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ነበር፤ በላዩም ባለቤቴ በእጇ የሠራችው ዳንቴል ወደ ፊት ወርዶ ተዘርግቶበታል። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰዎቹ ሲናገሩ የነበረው በመስታወትና በዳንቴል ውስጥ ነው። ዳንቴሉን አጥፌ ለራሷ ሰጠኋት፤ ስፒከሩን ከሣጥኑ አውጥቼ ወደ ጠርዝ ሳብሁት፤ ከፊቱ ሥር አንድ ቀጭን እንጨት ሰክቼም ወደ ላይ ቀና፣ ወደ ጓዳው በር ዘወር አደረግሁት።

ከዚያ ሜትር ይዤ ወደ ወንበሯ ሄድሁ። ባለቤቴ አተር ትፈለፍል ነበር።

«ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ።»

«ልብስ ልታሰፋልኝ ነው?»

«ጆሮሽ ከወለሉ ስንት እንደሚርቅ ልለካ ነው።»

«አንተ ሰው» አለች፤ ቀጥ ብላ ግን ተቀመጠች። «ያኔ ስታገባኝ እንዲህ አልለካኸኝም።»

በማግስቱ ማለዳ፣ ባጃጆቹ ገና መንገዱን ሳይሞሉት፣ መስኮት ዘግቼ፣ መጋረጃ ዘርግቼ፣ ማቀዝቀዣውን ነቅዬ፣ ባለቤቴንም ግቢ አስወጥቼ፣ ከአምፕሊፋየሩ ካርቶን ውስጥ ያልተነካውን ትንሽ ማይክሮፎን አወጣሁ። ወንበሯ ላይ ዳጎስ ያሉ የድሮ የፊዚክስ መጻሕፍቴን ደራርቤ ማይክሮፎኑን በጆሮዋ ቁመት ልክ አስቀመጥሁት። ባለሙያው «የልጆች» ያለው የአምፕሊፋየሩ ማስተካከያ ፉጨቱን አፏጨ፤ ለጥቂት ጊዜ አሰበ፤ ጨረስሁ አለ።

ይሁን እንጂ ለሳጥኑ ፍትሕ ሳልሰጥ መፍረድ አልችልም ነበር። የተለካው በተሳሳተ ቦታና በተራቆተ ክፍል ነው፤ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። ባለሙያውን ጠርቼ ባለፈው ስልክ ስለዘጋሁበት ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ወንበሯንም አሳየሁት። ሄዶ ተቀመጠባትና ወደ ስክሪኑ ተመለከተ።

«ጋሼ፣ ዋናው መቀመጫ የቱ ነው ብዬ የጠየቅሁት እኔ ነኝ» አለ። «እትዬ የት ነው የሚቀመጡት ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔም ቤት ባለቤቴ በሩ ጋ ነው የምትቀመጠው።»

ሳጥኑን በአዲስ መልክ ለዚያች ወንበር አስተካከለው። አሁን በአንድ ቤት ውስጥ፣ ለአንድ ወንበር፣ ሁለት ማስተካከያዎች ነበሩኝ፤ ርካሹና ውዱ። የቀረው ፈተና ነው። ለባለቤቴ ደብተርና እርሳስ ሰጠኋት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የቃል ጽሕፈት። ሰዎቹ የሚሉትን ትጽፊያለሽ። አንድ ጊዜ በአንደኛው፣ አንድ ጊዜ በሌላው። የትኛው የትኛው እንደሆነ አልነግርሽም።»

«አራተኛ ክፍል ነኝ እንዴ?»

«ከአራተኛ ክፍል ይበልጥ ይከብዳል። ተዋናዮቹ አይደግሙም።»

ባለሙያው ከኋላ ሆኖ መሣሪያዎቹን ቀያየረ፤ እኔ የማናውቀውን ፊልም አስጀመርሁ። ባለቤቴ መነጽሯን አድርጋ ጻፈች። ከምትጽፍበት ደብተር ይልቅ ፊቷን አየሁት። ከዓመታት በፊት፣ በጤና ጣቢያው፣ ያቺን ቀንድ መሰል መስሚያ በእናቲቱ ሆድ ላይ አድርጋ ጆሮዋን ስታስጠጋ ዓይኖቿን በትንሹ ታጠብብ ነበር። አሁንም እንዲሁ አጥብባለች። እየሰማች ነበር።

ሲያልቅ ደብተሩን ወስጄ አነበብሁ። በሁለቱም ገጾች ንግግሩ ከሞላ ጎደል ሙሉ ነበር። በአንደኛው ገጽ አንድ ቃል፣ በሌላው ሁለት ቃል ጎድሏል፤ እነዚያም ተዋናዩ እያኘከ የተናገራቸው ናቸው። የትኛው እንደተሻላት ጠየቅኳት።

«በሁለቱም ሰው ይናገራል» አለች። «በኋለኛው ዝናቡ ይበልጥ ዝናብ ይመስላል። ለዝናብ ግን ክረምትን እጠብቃለሁ።»

የኋለኛው ውዱ ሳጥን ነበር። በሐቅ ልናገር፤ ልዩነቱ ለእኔም ይሰማኝ ነበር። የባሱ ድምፅ አያብጥም፤ ነጎድጓዱ ከጎረነነ በኋላ ቶሎ ይቆማል፤ ከወንበሯ ሌላ በነጠላው ሶፋም በትልቁም ሶፋ የሚቀመጠው ሰው ተቀራራቢ ድምፅ ያገኛል። ብዙ ሰው የሚሰበሰብበት አዳራሽ ያለው፣ ክፍሉን አስቀድሞ ያለበሰ፣ ስፒከሮቹንም በቦታቸው ያቆመ ሰው ቢገዛው አልስቅበትም። ሴራሚኩን ባዶ ትቶ፣ ስፒከሩን በዳንቴል ሸፍኖ፣ የቤቱ ሰው የት እንደሚቀመጥ ሳይጠይቅ የሚገዛው ግን እኔ ከአንድ ወር በፊት የሆንሁትን ይሆናል። ግድግዳ የሚመልሰውን ጩኸት የትኛውም ሳጥን አይውጠውም፤ ምንጣፍና መጋረጃ ይውጡታል። ለማን እንደሚስተካከልም ሳጥኑ አያውቅም፤ ካልነገሩት ለእንግዳ ያስተካክላል። የእኛን ቤት ጉዳይ በሚመለከት ፍርዴ አጭር ነው፤ ባለቤቴን ወደ ሳሎን የመለሳት ውዱ ሳጥን አይደለምና አንገዛውም። ለልጃችን ያን ዕለት ይህንኑ በስልክ ነገርኳት።

«አባዬ፣ እርግጠኛ ነህ? እኔ እኮ ለእማዬ ብዬ ነው» አለችኝ።

«እኔም ለእናትሽ ብዬ ነው» አልኳት።

ባለሙያው ሳጥኑን በብርድ ልብሱ ሲጠቀልል ቅር ያለው አልመሰለኝም። ከመሄዱ በፊት ሻይ ካልጠጣህ ብላ ባለቤቴ ያዘችው፤ ቀኑም ቅዳሜ፣ ሰዓቱም ዐሥር ስለተቃረበ፣ ፊልም አስጀመርን። ትልቁ ሶፋ ላይ አስቀመጠችው፤ እኔ ነጠላው ሶፋ ላይ ሆንሁ፤ እርሷ ወንበሯ ላይ። መጋረጃው ተዘርግቶ ነበርና ሙቀቱ ቀላል አልነበረም። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ሰውየው ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘንበል እያደረገ ማዳመጥ ጀመረ፤ የሙያ ልማድ አይለቅም።

«ጋሼ፣ እንደማይከፋዎት ልናገር» አለ። «እዚህ ጋ ባሱ ትንሽ ያብጣል።»

«አውቃለሁ።»

«አንድ ቀን መጥቼ ቢያንስ ይሄን...»

«ለእንግዳ ሻይ እንጂ ባስ አናቀርብም» አለች ባለቤቴ ከበሩ አጠገብ፤ ስኳሩን ወደ እርሱ ገፋ እያደረገች። ሰውየው ሳቀና ብርጭቆውን አነሣ።

ፊልሙ ቀጠለ። አንዲት ሴት በአንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆማ ለባለሱቁ ዝግ ባለ ድምፅ አንድ ነገር አለችው። ባለቤቴ ሳቀች። ሰውየውን አየሁት፤ አልሳቀም፤ እኔም አልሳቅሁም። ፊቷን ለማየት ዞርሁ፤ የምትስቀው እኔን አይታ አልነበረም፤ ዓይኗ ከስክሪኑ አልተነቀለም።

«ምን አለችው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ቆይ፣ እነግርሃለሁ» አለችኝ፤ «መጀመሪያ እሱ የሚመልስላትን ልስማ።»